አንድ ቤት ሁለት አፍ እንዳይኖረው

ለብዙ ገጾች ስለሚያገለግል አንድ የጃቫስክሪፕት ፋይል

ጥቅምት 6 ቀን 2012 ዓ.ም. ጧት አንድ ሽማግሌ ከዘጌ በጀልባ ተሳፍረው ወደ ባሕር ዳር መጡ። ጉዳያቸው ቀላል ነበር። ስለ ቡና መሬታቸው የተጻፈ አንድ ማመልከቻ ለመሥሪያ ቤት ለመስጠት ነው። ማመልከቻው በጥሩ ጽሕፈት ተጽፎ፣ ፎቶግራፍ ተያይዞበት፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከብብታቸው ሥር ነበረ። የጣና ማዕበል ወረቀት እንደማይምር የሚያውቅ ሰው ጥንቃቄው እንዲህ ነው። ከመስኮቱ ሲደርሱ ግን ጸሐፊው ወረቀቱን ሳይቀበል፣ «አባቴ፣ ቀኑ እኮ ትናንት አለፈ» አላቸው። ከግድግዳው ላይ የተለጠፈውንም ማስታወቂያ አሳያቸው። «የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 5» ይላል።

ሽማግሌው አልተቈጡም። ከኪሳቸው ስልክ አወጡና ልጃቸው ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ያስቀመጠችላቸውን ሥዕል አሳዩት። በዚያ ላይ ደግሞ «የመጨረሻው ቀን ጥቅምት 6» የሚል በግልጽ ተጽፏል። ከግድግዳው ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ ግድግዳው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ይኸም የእናንተ ቃል ነው፤ ያም የእናንተ ቃል ነው። አንድ ቤት ሁለት አፍ አለው እንዴ?»

ያን ገጽ የሠራሁት እኔ ነበርሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ስሕተቱ የመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን የኔ ነውና። የሽማግሌው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ የሚሠሩ ወጣቶች በዝተዋልና ስሕተቴ ለሌላው ትምህርት ይሆነው ዘንድ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ስሕተቱ ከየት መጣ?

የመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ 11 ገጾች ነበሩት። ኮምፒውተሩ ቀኑን በውስጡ የሚያኖረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። አንባቢው ግን የሚፈልገው የኢትዮጵያን ቀን ነው። ስለዚህ አንዱን ወደ ሌላው የሚመልስ፣ 40 መስመር ያህል የሆነ የጃቫስክሪፕት ኮድ ጻፍሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ መልካም ሆኖ ሠራ። ሁለተኛውን ገጽ ስሠራ ያንኑ ኮድ ገልብጬ ለጠፍሁት፤ ለሦስተኛውም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት 11 ገጾች 11 ግልባጭ ያዙ። ሥራው የፈጠነልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ተረት ግን ያን ጊዜ አልታወሰኝም።

ኮዱ አንድ ጉድለት ነበረበት። መስከረም 1 ቀን ሁልጊዜ በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 11 ላይ የሚውል አድርጎ ይቈጥራል። እንደሚታወቀው በየ4 ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ማለት ነው። 2011 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ስለዚህ የ2012 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 ላይ ነው። ኮዱ ካልታረመ በቀር ከዚያች ቀን አንሥቶ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኑን ሁሉ በአንድ ያስቀድማል፤ ጥቅምት 5ን ጥቅምት 6 ይላል።

ጉድለቱን በጳጉሜን አየሁት። ወዲያውኑም ገጾቹን አንድ በአንድ እየከፈትሁ አረምሁ። 10ሩን አረምሁ፤ አንዱን ረሳሁ። የረሳሁት ገጽ የማመልከቻ መቀበያ ቀን የሚገለጽበት ነበረ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ነገሩን ከመረመሩ በኋላ ማመልከቻው እንዲገባ አዘዙ። ይሁን እንጂ ውሳኔው እስኪሰጥ 9 ሰዓት ሆነ። የመመለሻውም ጀልባ ሄደ። ሽማግሌው ያን ሌሊት ከዘመድ ቤት አደሩ። በእኔ ዘንድ የ40 መስመር ጉዳይ የነበረው በሳቸው ዘንድ የአንድ ቀን ሥራና የአንድ ሌሊት እንግድነት ሆነ።

የቤተ ልሔም ሥርዓት

የግልባጭ ችግር በኮምፒውተር የተጀመረ አይደለም። በጣና ደሴቶች ላይ በሚገኙት ገዳማት፣ በክብራን ገብርኤልም ሆነ በዳጋ እስጢፋኖስ፣ ብዙ የብራና መጻሕፍት አሉ። ሁሉም በእጅ የተገለበጡ ናቸው። በእጅ የሚገለብጥ ሰው የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አንዲት ፊደል ትዘለዋለች። ከእርሱ የሚገለብጠው ደግሞ ያችን ስሕተት እንዳለች ይወስድና የራሱን ይጨምርባታል።

አባቶች ለዚህ መድኃኒት አበጅተውለታል። ከጣና በስተ ምሥራቅ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ የተማረ ሰው በየትም አገር ቢማር፣ መምህር ለመሆን ሲፈልግ ወደዚያ ሄዶ ያስመሰክራል። መቶ ግልባጭ በመቶ አገር ቢኖር የሚመሰከርለት ግን አንድ ቦታ ነው። የነገሩ ፍሬ ግልባጭ አይኑር ማለት አይደለም፤ ማረሚያው አንድ ይሁን ማለት ነው።

ከዚህም የሚደነቅ ሌላ ነገር በድጓው ውስጥ አለ። ከቃሉ በላይ በጥቃቅን ፊደል የሚጻፈው ምልክት ዜማውን በሙሉ አይጽፍም። ዜማው አስቀድሞ የታወቀውን ቃል በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ያስታውሳል እንጂ። ተማሪው ያችን ምልክት ሲያይ «የዚህ ዜማ እንደዚያኛው ነው» ብሎ ከአእምሮው ያመጣዋል። ዜማው በአንድ ስፍራ ይኖራል፤ በየገጹ የሚጻፈው ግን የሚጠራው ምልክት ብቻ ነው። ይህን ሥርዓት ያወቀ ሰው አሁን የምንናገረውን የጃቫስክሪፕት ዘዴ ለመረዳት አይቸገርም።

ባሕር ዳርም ራስዋ ይህንኑ በሌላ መንገድ አስተምራለች። በ1955 ዓ.ም. በተከፈተውና በኋላ ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሆነው የፖሊቴክኒክ ተቋም የእንጨት ሥራ ከሚሰጡት ትምህርቶች አንዱ ነበር። የእንጨት ሥራ ያወቀ ሰው 20 የወንበር እግር ሲቈርጥ ሁሉንም የሚለካው በአንዱ ዋና ልክ ነው። ሁለተኛውን በመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን በሁለተኛው እየለካ የሄደ እንደ ሆነ ግን ሃያኛው እግር ከመጀመሪያው ጋር ቆሞ ወንበር አይሸከምም።

አንድ ፋይል፣ አንድ መስመር

ጃቫስክሪፕትን ብሬንደን አይክ የሚባል ሰው ኔትስኬፕ በሚባለው ድርጅት ውስጥ በ1995 በአውሮፓ አቈጣጠር በ10 ቀን ውስጥ እንደ ሠራው ይነገራል። በመጀመሪያ ኮዱ የሚጻፈው ከገጹ ጋር አብሮ ነበረ። በ1996 የወጣው የኔትስኬፕ 3ኛ እትም ግን ኮዱን በተለየ ፋይል አስቀምጦ ከገጹ በአንድ መስመር መጥራት የሚቻልበትን መንገድ ከፈተ። የድረ ገጽ ሠሪዎች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚሠሩበት ነው።

ሥራውም እንዲህ ነው። ለገጾቹ ሁሉ የሚያገለግለውን ኮድ ከገጹ አውጥተህ በአንድ አዲስ ፋይል ውስጥ ታስቀምጣለህ። ፋይሉን ለምሳሌ «ዘመን» ብለህ ትሰይመውና ከነጥብ በኋላ «ጄኤስ» የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ትጨምርበታለህ። በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ጃቫስክሪፕት ብቻ ነው። «ስክሪፕት» የሚለውን የኤችቲኤምኤል ምልክት በውስጡ መጻፍ የጀማሪዎች ስሕተት ነው። ከዚያ በኋላ በየገጹ ላይ «ስክሪፕት» የሚለውን ምልክት አንድ ጊዜ ጽፈህ፣ «ኤስአርሲ» በሚባለው ቃል የፋይሉን አድራሻ ትሰጠዋለህ፤ ምልክቱንም ትዘጋዋለህ። አሳሹ ገጹን ሲያነብ ከዚያ መስመር በደረሰ ጊዜ ፋይሉን አምጥቶ ይሠራበታል። አድራሻ በተሰጠው ምልክት መካከል ሌላ ኮድ ብትጨምርበት ግን አሳሹ አይሠራበትም። ለገጹ ብቻ የሚሆን ኮድ ቢኖርህ ሌላ ምልክት ክፈትለት።

ከዚህ ላይ አንድ የማይዘለል ነገር አለ። አሮጌዎቹን ግልባጮች ከየገጹ መደምሰስ ያስፈልጋል። አዲሱ ፋይል ገብቶ አሮጌው ኮድ ከሥር ከቀረ፣ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ፈንክሽኖች ይኖራሉ፤ በኋላ የተነበበውም የፊተኛውን ይሽረዋል። ያን ጊዜ ዋናውን ብታርመው አሮጌው መናገሩን አይተውም።

ስለ አድራሻውም መጠንቀቅ ይገባል። ለባሕር ዳር እንግዳ «ሁለተኛውን መታጠፊያ ወደ ግራ» ብትለው የሚደርሰው አንተ ካሰብኸው ቦታ ከተነሣ ብቻ ነው። «ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥተህ» ብትለው ግን ከየትም ይምጣ አይሳሳትም። የፋይል አድራሻም እንዲሁ ነው። ስሙን ብቻ ብትጽፍ፣ አሳሹ ፋይሉን የሚፈልገው ገጹ ባለበት ፎልደር ውስጥ ነው። በፊተኛው ገጽ ላይ የሠራው መስመር «ማስታወቂያ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ባለ ገጽ ላይ አይሠራም። በአድራሻው መጀመሪያ ላይ አንድ ዘንበል ያለ ሰረዝ ብታደርግ ግን ፍለጋው ከድረ ገጹ ሥር ይጀምራል፤ ለሁሉም ገጽ አንድ ይሆናል።

ሦስተኛው የቅደም ተከተል ነገር ነው። የጋራው ፋይል ሳይመጣ በፊት ሥራው ከተጠራ አሳሹ «እንዲህ ያለ ስም አላውቅም» ይላል። ስለዚህ የጋራው ፋይል መስመር ይቅደም፤ የገጹ የራሱ ፋይል ይከተል። በሁለቱም ላይ «ዲፈር» የሚለውን ቃል ብትጨምር፣ አሳሹ ገጹን ማንበቡን ሳያቋርጥ ፋይሎቹን ያመጣል፤ ገጹ ተነብቦ ካለቀ በኋላም በተጻፉበት ተራ ይሠራባቸዋል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም በእርማት ብቻ አይወሰንም። የገንዘብም ጥቅም አለው። ኮዱ 40 ኪሎባይት ነው እንበል። በ11 ገጽ ውስጥ 11 ጊዜ ከተጻፈ፣ ገጾቹን ሁሉ የሚያይ ሰው 440 ኪሎባይት ያወርዳል። በአንድ ፋይል ከሆነ ግን አሳሹ አንድ ጊዜ 40 ኪሎባይት አውርዶ በጎተራው ያኖረዋል፤ ለቀሩት ገጾች ከዚያው ያወጣል። በስልክ ካርድ ዳታ ገዝቶ ለሚያነብ ተማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የጋራ ነገር ጥንቃቄ ይሻል

እንግዲህ አንባቢው «ነገሩ ሁሉ እንዲህ መልካም ከሆነ ችግሩ የት ላይ ነው?» ይል ይሆናል። ችግሩም ከዚያው ከጥቅሙ ይወለዳል። እርማቱ ለሁሉ እንደሚደርስ ሁሉ ስሕተቱም ለሁሉ ይደርሳል። በጋራው ፋይል ውስጥ አንድ ቅንፍ ሳይዘጋ ቢቀር፣ አሳሹ ፋይሉን በሙሉ ይተወዋል፤ 11ዱም ገጾች ቀን አልባ ይሆናሉ። ስለዚህ የጋራውን ፋይል የነካ ሰው አንዱን ገጽ ብቻ አይቶ ወደ ቤቱ አይሂድ። ሁሉንም ይክፈት።

ሁለተኛው ችግር ያው ጎተራው ነው። ፋይሉን ዛሬ ብታርመው፣ ትናንት የጐበኘህ ሰው አሳሽ አሮጌውን ከጎተራ አውጥቶ ሊያሳየው ይችላል። «አርሜዋለሁ» ብለህ ስትምል፣ እርሱ «ምንም አልታረመም» ይልሃል። ሁለታችሁም እውነት ተናግራችኋል። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፋይሉ በታረመ ቍጥር በስሙ ላይ አዲስ ቍጥር መጨመር ነው። ስሙ ሲለወጥ ግን የሚጠራው መስመር በየገጹ መለወጥ ስላለበት፣ ያም መስመር ራሱ ገጾቹ ሁሉ በሚጋሩት አንድ ራስጌ ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ሁለተኛው፣ አሳሹ በጎተራው ያለውን ከማውጣቱ በፊት ሰርቨሩን «ተለውጧል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማዘዝ ነው። ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 የሚል አጭር መልስ ይሰጣል፤ ፋይሉም እንደገና አይጓዝም።

ሦስተኛው የስም ግጭት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ ካሉ፣ መምህሩ «አበበ!» ሲል ሁለቱም ይነሣሉ። በጃቫስክሪፕት ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ የኋለኛው ብቻ ይነሣል። ለጋራው ፈንክሽን «ቀን» የሚል አጭር ስም ከመስጠት «የኢትዮጵያ ቀን» የሚል ዓይነት ግልጽ ስም መስጠት ይሻላል። በ2015 በአውሮፓ አቈጣጠር በቋንቋው ደንብ ውስጥ የገባው የሞጁል ሥርዓት ይህን ችግር በይበልጥ ያቃልለዋል። እያንዳንዱ ፋይል የራሱን ስሞች በራሱ ይይዛል፤ ለሌላው የሚሰጠውን «ኤክስፖርት» ብሎ ያወጣል፤ የሚፈልገውም «ኢምፖርት» ብሎ ያስገባል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከፋው የሰው ጎተራ ነው። ብዙ ድረ ገጾች የጋራ ፋይላቸውን በራሳቸው ሰርቨር ላይ ሳያስቀምጡ ከሌላ ድርጅት ሰርቨር ይጠሩታል። ፋይሉን ያዘዘው ግን ባለ ሰርቨሩ ነው። ፖሊፊል የሚባለው ፋይል ለብዙ ዓመታት አሮጌ አሳሾችን ሲረዳ የኖረ ነበረ። በ2024 በአውሮፓ አቈጣጠር መጀመሪያ አድራሻው ወደ ሌላ ባለቤት ተዛወረ። በዚያው ዓመት በጁን ወር በፋይሉ ውስጥ ክፉ ኮድ ገብቶ፣ በስልክ የሚያነቡትን ሰዎች ወዳልፈለጉት ድረ ገጽ ይወስዳቸው እንደ ነበረ ተገለጠ። ፋይሉን ይጠሩ የነበሩት ድረ ገጾች ከ100,000 በላይ ነበሩ። ከባለቤቶቹ አብዛኞቹ በገጻቸው ላይ አንዲት ፊደል አልለወጡም። ለውጡ ምንጩ ላይ ነበረና። ድሮ «አንባቢው ፋይሉን ከሌላ ድረ ገጽ አውርዶት ስለሚሆን ይፈጥናል» የሚል ምክንያት ይሰጥ ነበር። ክሮም ከ2020፣ ፋየርፎክስም ከ2021 ጀምሮ ጎተራቸውን በየድረ ገጹ ስለ ከፈሉት ያ ምክንያት ቀርቷል። የሚቻል ሲሆን የጋራ ፋይልህን በራስህ ቤት አስቀምጥ።

የእኛ አገር ሰው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል። ከጥሩ መቅዳት መልካም ነው። ነገር ግን ጥሩውን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ የቀዱት ሁሉ በአንድ ቀን ይታመማሉ።

የመጨረሻ ቃል

ከዚያች ከጥቅምት 6 ቀን በኋላ ሌሊቱን ተቀምጬ 11ዱን ግልባጭ ደመሰስሁ። በቦታቸውም አንድ ፋይልና አንድ መስመር አኖርሁ። ሥራው ከ3 ሰዓት አልበለጠም። በኋላም ዋና ዋናዎቹ አሳሾች የኢትዮጵያን ዘመን አቈጣጠር በውስጣቸው እንደሚያውቁ ተረዳሁና፣ የራሴን ኮድ አንሥቼ የእነርሱን ተጠቀምሁ። ይህን ሳደርግ የነካሁት አንድ ፋይል ብቻ ነው። 11ዱ ገጾች ከውስጥ የተለወጠውን ነገር ሳያውቁ ትክክለኛውን ቀን መናገር ቀጠሉ። እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ 11 ጊዜ እለውጥና ምናልባትም አንዱን እንደገና እረሳ ነበር።

በቢሮ ያለ ወጣት ሹም ይህ የኮምፒውተር ሰዎች ነገር ነው ብሎ አይለፈው። ዋናውና ግልባጩ የተባለው የመዝገብ ቤት ሥርዓት ከዚህ ነገር ጋር ወንድማማች ነው። አንድ መመሪያ በ5 ክፍል ውስጥ በ5 ዓይነት ተገልብጦ ሲቀመጥ፣ ባለጉዳዩ ከአንዱ ክፍል ሰምቶ ከሌላው ሲባረር፣ በሽታው ያው የኔ በሽታ ነው። መጠየቅ የሚገባው ጥያቄም አንድ ነው። ይህ ነገር ሲለወጥ ስንት ቦታ መለወጥ አለብኝ? መልሱ «አንድ» እስኪሆን ድረስ ሥራው አላለቀም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የእኛም ገጾች ድር ናቸው። የሚያብሩት ግን ሁሉም ከአንድ ዋና ቃል ሲናገሩ ነው። ከዘጌ በጧት ተነሥቶ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ የሚመጣ ሰው በመንገድ ላይ አለ። ከግድግዳውም ከስልኩም የሚያነበው ቃል አንድ ሆኖ ሊጠብቀው ይገባል።